አራተኛው ማዕዘን

 

ባለፈው ሳምንት እዚህ አዳማ ከጁምዓ ሶላት ወጥቼ ጫማዬን ስፈልግ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። የፎቶ ፍሬም በሚሠራ እንጨት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። «ኡስታዝ፣ ማዕዘኑ አልገጥም ሲል ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ክፍተቱን እሞላዋለሁ። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ። ደንበኛው አያውቅም፣ አይጠይቅምም። ደመወዜ ሐላል ነው?» አለኝ።

ሥራውን ሳላውቅ መልስ መስጠት ፈራሁ። በማግስቱ ሄጄ ሲሠራ አየሁት።

ፍሬም አራት እንጨት ነው። የእያንዳንዱ ሁለት ጫፍ በ45 ዲግሪ ይቆረጣል፤ ስምንት ቁርጥ ማለት ነው። ሁለት 45 ሲገናኙ 90 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቁርጥ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢጎድል ማዕዘኑ 89 ይሆናል፣ ዓይን አይለየውም። የመጀመሪያውን ታጣብቃለህ፣ ገጠመ። ሁለተኛውም ገጠመ፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ስትደርስ የሁሉም ጉድለት ተደምሮ 4 ዲግሪ ሆኖ ይጠብቅሃል። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር በሆነ እንጨት ላይ ይህ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ነው። ልጁ «አራተኛው ሁሌ ያስቸግረኛል» ይላል። አራተኛው ምን አጠፋ? የስምንቱን ቁርጥ ሚስጥር ከማውጣት በቀር!

«ታዲያ ከተሞላና ካማረ ምን ጎዳ?» ትሉ ይሆናል። የታችኛው እንጨት መስታወቱን ተሸክሞ የሚንጠለጠለው በሁለት ማዕዘን ብቻ ነው። የእንጨት ጫፍ ደግሞ ኮላ ይጠጣል፤ እንጨትና እንጨት በደንብ ካልተነካኩ ሙሌቱ ብቻውን አይዝም። በዚያ ላይ የእኛ አገር ሙቀት አለ። እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ እርጥብ እንጨት ከሆነ በትክክል የተቆረጠው ማዕዘን እንኳ ከውስጥ በኩል ይከፈታል። የዲግሪዬ ፍሬም ሥር በበጋ ዱቄት እየረገፈ ሳገኝ ነቀዝ መስሎኝ መድኃኒት ነፍቼበት ነበር። ለካ ሰጋቱራው ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ያገኙበትን ታሪክ ሰምታችኋል፤ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸው የጠየቁት ሰው እንዲያየው ከላይ ያላደረገበትን ምክንያት ነው። እርጥብ እህል መሸጥ አልተከለከለም፣ የተወገዘው መደበቁ ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም የተደበቀ ዐይብ ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው ይላሉ። ዐይቡን አውቆ ወዶ ከገዛ ግን ያ መብት አይኖረውም። ስለዚህ «አንዱ ማዕዘን ሙሌት አለው፣ ዋጋውንም ቀንሼልሃለሁ» የምትል አንዲት ቃል ያንኑ ፍሬም ከማጭበርበር ወደ ንጹህ ንግድ ታሻግረዋለች። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ጥሩ አናጢም ይሞላል፤ በዚህ ወስዋስ ውስጥ እንዳትገቡ።

ልጁን ደመወዝህ ሐራም ነው አላልኩትም። ቆርጧል፣ ልጓል፣ ላቡን አፍስሷል። በገዛ እጁ የደበቀውን ነውር ግን «አለቃዬ አዞኝ ነው» ብሎ በሌላ ሰው ላይ መጣል አይችልም። ይህን ስለው ዝም አለ። ቆይቶ «ከተናገርኩ ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፣ እኔም እባረራለሁ። እናቴን የምረዳው በዚህ ነው» አለኝ። ሪዝቅ ከአላህ ነው ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እውነት ነው፤ ግን ደመወዙ አደጋ ላይ ላልወደቀ ሰው መናገር በጣም ይቀላል።

ይልቅ የሚቆርጥበትን ሳጥን አሳየኝ አልኩት። ከሦስት ጣውላ የተሠራ ነው፣ መጋዙ የሚገባበት ሰያፍ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ከብዙ አገልግሎት ብዛት ሰፍቷል፤ መጋዙ ውስጡ ይወዛወዛል። ይህ ልጅ በየቀኑ እየተጸጸተ በየቀኑ በዚያው ሳጥን ይቆርጥ ነበር! ተውባ ጸጸት ብቻ አይደለም፣ መተውም አለበት። የእሱ መተው ከሳጥኑ ይጀምራል።

ከቁርጥራጭ ጣውላ አዲስ ሳጥን ሠራ። ሁለት ትርፍ እንጨት ቆርጦ አጋጥሞ፣ ስኳድራ አስጠግቶ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። ትይዩ የሆኑትን እንጨቶች ጎን ለጎን አድርጎ ርዝመታቸውን ያስተያያል፤ እኩል ካልሆኑ ዲግሪው ትክክል ቢሆንም አይዘጋም። ጫፉን መጀመሪያ በቀጭን ኮላ ያጠጣዋል፣ ቆይቶ ደግሞ ይቀባዋል።

ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ ደወለልኝ። አራተኛው ማዕዘን ያለ ሰጋቱራ ገጥሞለታል። ድሮ የሞላቸው ሦስት ፍሬሞች ግን ቫርኒሽ ተቀብተው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ዋጋቸው ተከፍሏል። ባለቤቶቹ ነገ ቅዳሜ ይመጣሉ። ምን እንደሚላቸው ገና አልወሰነም። ዱዓ አድርጉለት።