የነብሩ ቆዳና የጉና ቀበሮ



ባለፈው ሸዋል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የአገሬን ሰው ልዘይር ቤታቸው ሄድሁ። እኔም እሳቸውም ተወልደን ያደግነው እስቴ ነው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የካዕባ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ መከዳው ላይ የነብር ቆዳ ተነጥፏል። «ከስማዳ ቆላ የመጣ ነው፤ የአገርህ ነብር ነው። ና ተቀመጥበት» አሉኝ በኩራት። እኔ ግን ከጎን ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ምክንያቴን ስነግራቸው ዝም አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአውሬ ቆዳ እንዳይነጠፍ መከልከላቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሐጂ ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር። ልወቅሳቸውም አልችልም፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ነብር የገደለ ሲፎክር አብሬ ሳጨበጭብ ያደግሁ ነኝ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም በምድር የሚሄደው እንስሳና በክንፉ የሚበርረው ወፍ ሁሉ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን አስተምሮናል። ለመብላት ማደን በሸሪዓ ተፈቅዷል፤ ያም ቢሆን ኢሕራም ላደረገ ሰው የየብስ አደን እርም ነው። የነብር ሥጋ ግን አይበላም፤ ክራንቻ ያለው አውሬ ነውና። ስለዚህ ወጥመዱን የጠመደው ሰው «የልጆቼን ጉርስ ፍለጋ ነው» ሊል እንኳ አይችልም። ድንቢጥን ያለ ሐቋ የገደለ በቂያማ ቀን እንደሚጠየቅባት ተዘግቦልናል። ድንቢጥ ካስጠየቀች ነብር ሳያስጠይቅ ይቀራልን?

አገራችን ምን እንዳጣች እናስተውል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ በእስቴ፣ በፋርጣና በላይ ጋይንት መካከል ይገኛል። ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚያ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ አዋቂዎቹ ዛሬ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጉና ላይ ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ አንድም የለም። ይህን ፍጡር ከየተራራው የሚያጠፋው ጥይት ብቻ አይደለም፤ እርሻው ሽቅብ ይወጣበታል፣ ከብቱ ይግጥበታል፣ ከመንደር ውሻ የእብደት በሽታ ይጋባበታል። የሚገርመው ደግሞ ዋና ምግቡ አይጥ መሆኑ ነው! የገብስ ገበሬ ወዳጁን አጣ ማለት ነው። እኛስ? አንድ ሕዝብ ከጎናችን ሲያልቅ የየትኛው መስጊድ ኹጥባ አነሳው?

በጉን ነብር የበላበት እረኛ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ድሃ ነው፤ አንዲት በግ ለእሱ ብዙ ናት። ነገር ግን በረትን ማጠርና ሌሊት መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ቆዳ ለመሸጥ ብሎ ጫካ ገብቶ ማጥመድ ሌላ ነገር ነው። ይህኛውን የአገሪቱ ሕግም ይከለክለዋል። ደግሞስ ቆዳውን የሚገዛው ማን ነው? እረኛው አይደለም፤ ሳሎን ያለን እኛ ከተሜዎቹ ነን።

ሐጂም ይህን ስላቸው «ነብሩ እንደሆነ ሞቷል፤ እኔ ቆዳውን ብጥለው ተመልሶ ይነሣል?» አሉኝ።

«አይነሣም። የሰጡት ገንዘብ ግን ስማዳ ደርሶ ሌላ ወጥመድ ያስጠምዳል» አልኋቸው።

የንፋስ መውጫ፣ የወገዳና የእስቴ ኢማሞች ይህን ጉዳይ በጁምዓ ኹጥባቸው እንዲያነሱት በዚህ አጋጣሚ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ውሻን ውሃ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ ሁላቸውም ያውቁታል፤ ከዚያ ቢጀምሩ ጉና ለመድረስ ሩቅ አይደለም። ቀበሮው ቢያልቅም ጭላዳው ገና አለ።

ሐጂ ቆዳውን ያን ዕለት አላነሡትም። ቡናውን ጠጥተን፣ ዱዓ አድርገን ተለያየን። ለአረፋ ኢንሻአላህ ተመልሼ እዘይራቸዋለሁ።