ዕቅዳችንና ባልንጀራችን
(ከዳኑብ ዳር የብስክሌት ጉዞ በኋላ የተጻፈ)



ባለፈው የበጋ ዕረፍት ከዚህ ከጀርመን ሰንበት ትምህርት ቤታችን ሦስት ወጣቶች ከድንበር ከተማዋ ከፓሳው ተነሥተን እስከ ኦስትሪያ ዋና ከተማ እስከ ቪየና በብስክሌት ተጉዘናል። ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት አልነበረም። ካርታውን ያጠናነው፣ ማደሪያውን የመረጥነው፣ ስንቁን መዝነን ያሰርነው እኛው ነን። «እንዴት ነበር?» ለምትሉን ሁሉ የወንዙን ውበት ብቻ መናገር ስላልበቃን፣ በልባችን የቀረውን በዚህች ጽሑፍ እናካፍላችኋለን።

መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ቀድሞ ፈረሶች ጀልባዎችን በገመድ ሽቅብ ይጎትቱበት የነበረ የወንዝ ዳር መንገድ ነውና። ነፋሱም ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ከኋላው ይገፋዋል። ይህን ሁሉ አስልተን ጉዞውን በአምስት ቀን ከፋፈልነው፤ ካላማደሪያ ለመለጠፍ እንኳ ግማሽ ሰዓት መድበን ነበር። (ሁለት ጊዜ ተነፈሰ፤ ሁለቱም ጊዜ በዝናብ!)

ሊንዝን አልፈን 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን ማውትሃውዘን ደረስን። ከወንዙ ዳር ሲያዩት ያማረ ከተማ ነው። ከበላዩ ባለው ኮረብታ ላይ ግን ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1938 የከፈቱት የእስረኞች ካምፕ አለ። እስከ 1945 ድረስ በዚያና በሥሩ በነበሩት ካምፖች 190,000 ያህል ሰዎች ታስረው ቢያንስ 90,000ው አልቀዋል። እስረኞቹ ከድንጋይ ካባው ግራናይት ተሸክመው የሚወጡት ደረጃ 186 ነው። በዕቅዳችን እዚያ የተጻፈው «ዳቦ መግዣ፣ 15 ደቂቃ» የሚል ነበር። ከመካከላችን ታናሺቱ፣ «ወጥተን እንይ እንጂ» አለችና ብስክሌቱን በእጃችን እየገፋን ዳገቱን ወጣን። ቀኑ እዚያው መሸ።

ከሁሉ ይልቅ የያዘን የአንዲት ገበሬ ታሪክ ነው። በፌብሩዋሪ 1945 አንድ ሌሊት ከ400 በላይ የሶቪየት እስረኞች አጥሩን ጥሰው ወደ በረዶው ወጡ። የአካባቢው ሕዝብ እንዲያድናቸው ታዘዘ፤ ብዙዎችም አደኑ። የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በሽቬርትበርግ አጠገብ የሚኖሩት ማሪያ ላንግታለርና ባለቤቷ ዮሐን ግን በራቸውን ያንኳኩትን ሁለት እስረኞች ተቀብለው ጦርነቱ እስኪያበቃ ለሦስት ወር ሸሸጓቸው። ቢገኙ ቤተ ሰቡ በሙሉ ይጠፋ ነበር። ደግሞም ወንዶች ልጆቻቸው በዚያን ጊዜ በጀርመን ጦር ውስጥ ነበሩ።

ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ የቆሰለውን ሰው አይተው ስላለፉት ስለ ካህኑና ስለ ሌዋዊው ስንማር፣ ሁለቱን ልበ ደንዳና አድርገን መሣል እንወዳለን። ነገር ግን ምናልባት የሚደርሱበት ሰዓት ነበራቸው ይሆናል። ሳምራዊውም ቢሆን ሥራ ፈት አልነበረም፤ መንገደኛ ነው፣ በማግሥቱም ጉዞውን ቀጥሏል። ልዩነቱን ከእንስሳው ጭነት ላይ እንፈልገው። ለቁስል የሚሆን ዘይትና ወይን አለው፤ ለእንግዳ ማደሪያው ጌታ የሚሰጠው ሁለት ዲናርም ተርፎታል። ላንግታለሮችም በጦርነት ዘመን ከነበራቸው እንጀራ ነው ለሁለት ሰው የቆረሱት። እኛ ስንቃችንን በግራም ስንመዝን ሌላ ሰው የሚቀመስ ነገር በሻንጣው ውስጥ አልቀረም፤ ወጣትነታችንንም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው የምናስረው፦ ትምህርት፣ ሥራ፣ መኪና፣ ትዳር።

ቪየና የገባነው በስድስተኛው ቀን ነው። ከ1089 ጀምሮ መነኮሳት የሚኖሩበትን የሜልክን ገዳም ከውጭ አይተን አለፍን፤ የባቡር ትኬታችንም ቀኑ አልፎበት ሌላ ገዛን። ሦስታችንም አልቆጨንም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ የመጡ ወንድሞችና እህቶች የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ይቆማሉ። የሚያነብላቸው ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ ወደ መዝሙር ጥናት እየቸኮልን በአጠገባቸው እናልፋለን። የመጪው ሦስት ወር መርሐ ግብራችን ከመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ሞልቷል። በወር አንዱ ቅዳሜ ምንም ሳይጻፍበት እንዲቀር ሦስታችን ለሥራ አመራር ኮሚቴው ጥያቄ አቅርበናል። መልሱን እየጠበቅን ነው፤ ከእኛ ጋር መፈረም የምትፈልጉ ወረቀቱ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።