ስለ ወል መስክና ስለ አንዲት ላም ኮቴ

ብዙ ሰው ሣር ያለ ድካም የሚበቅል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አለመሆኑን በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ያስረዳል። ከጣና ሐይቅ በምሥራቅ በኩል የተዘረጋውን ይህን ሜዳ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ደለል ሲያለብሱት ኖረዋል፤ አፈሩም ጥቁር ዋልካ ነው። በወተቷ ስሟ የተጠራው የፎገራ ላም ያደገችው በዚሁ መስክ ሣር ነው።

ዋልካ ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። በበጋ ይደርቅና እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የሣሩንም ሥር ይበጥሳል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስንጥቁም ሁሉ ይገጥምና አየር እንዳያልፍ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ ከብት የገባበት እንደ ሆነ ኮቴው ጭቃውን ይጠቀጥቀዋል፤ በየዱካው ውሃ ይቆማል፤ ሣሩም ታፍኖ ይሞታል። በሞተው ሣር ስፍራ እሾሃሙ አሜኬላ ይተካል፤ ይህም በፎገራ ግጦሽ ላይ በብዙ ታይቷል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ሣር የማብቀል ጥበብ ከመዝራት ይልቅ መታገሥ ነው፤ ይኸውም ውሃውን በቦይ ማውጣት፥ መሬቱም ጠፈፍ እስኪል ድረስ ከብትን ከመስኩ መከልከል ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መስኩ የወል ሲሆን፥ በነሐሴ አንዲት ላሙን ነድቶ የሚገባ ድኻ ምን በደለ? የአንዲት ላም ኮቴ ሰፊውን መስክ አያጠፋም። ላሚቱ ብትራብ ግን ወተቷ ይነጥፋል፤ ልጆቹም ጦማቸውን ያድራሉ። እንዲህ ብሎ የሚከራከርለት ሰው ሐሰት ተናገረ አይባልም።

ዳሩ ግን ይህ ክርክር ለአንዱ እውነት የሆነውን ያህል ለጎረቤቱም እውነት ነው። መቶ ሰዎች ይህንኑ እውነት ይዘው ቢገቡ መስኩ ይጠፋል፤ አጥፊውም ተፈልጎ አይገኝም። እንግዲህ በደሉ በአንዲት ኮቴ ዱካ አይለካም። በነሐሴ መስክ ላይ ሣር የተገኘው ሌሎች ከብታቸውን ስለ ከለከሉ ነው፤ ስለዚህ የገባው ሰው ላሙን ያስጋጣት ሣሩን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹን ትዕግሥት ጭምር ነው።

የቀደሙ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። የመንዝ ጓሳ ምድሩ ውርጫም ደጋ እንጂ እንደ ፎገራ ሜዳ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሲደርስም ለባለ መብቶቹ ሁሉ በአንድነት ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ነው።

ሆኖም የድኻው ረኃብ መልስ ሳያገኝ ሊቀር አይገባም። ብዙ ከብትና ብዙ ማሳ ያለው ሰው ገለባ ከምሮ ክረምቱን ይሻገራል፤ ባለ አንዲት ላሙ ግን የሚከምረው የለውም። ለሁሉ እኩል የተነገረ ክልከላ በሁለቱ ላይ እኩል አይከብድም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ የግጦሹ መስክ እየጠበበ ሄዷል፤ የሩዙ ገለባ ደግሞ ለከብት መኖ ሆኗል። መስኩን ያጠበበው እርሻ የታገሠውን ሰው ላም ቢመግብ ፍርድ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። ጎረቤቱን ታገሥ የሚል ሰው አስቀድሞ ከክምሩ አንድ ሸክም ገለባ ያውጣ።