ወጣቶችን ለመሳብ የተኩስ ጨዋታ ይገባልን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እዚሁ ዳምቦያ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እርስ በርሳችን ሊያለያየን ምንም አልቀረውም ነበርና ዝም ብለን ማለፍን አልወደድንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጸሎት ፕሮግራማችን እንዳበቃ የወጣቶች መጋቢያችን ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና፣ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩትን የአንድ የተኩስ ጨዋታ ማስታወቂያ አሳዩን። ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር። ስለ ምስሉ ጥራት፣ ስለ ጠመንጃዎቹ ዓይነት፣ አራት ሆኖ በቡድን መዋጋት ስለ መቻሉ አንድ በአንድ ነገሩን። ከዚያም አሳባቸውን ገለጡልን። ያገለገለ ማጫወቻ ይገዛ፤ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ስክሪን ይሰቀል፤ በጌም ቤት የሚውሉት ወጣቶችም ወደ ግቢያችን ይጠሩ። ሁለት ሰዓት ይጫወታሉ፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ቃሉን ይሰማሉ።

ግማሾቻችን አጨበጨብን፤ ግማሾቻችን ደግሞ አንገታችንን ደፋን።

በመጀመሪያ ስለ መጋቢያችን እውነቱን እንናገር። እርሳቸው ለቀልድ የሚኖሩ ሰው አይደሉም። በክረምት ጭቃ የታመመ ወጣት ሊጠይቁ በእግራቸው የሚሄዱ፣ በየእሑዱ ባዶ የቀሩትን አግዳሚ ወንበሮች የሚቆጥሩ አገልጋይ ናቸው። የሚያሳስባቸውም ነገር እውነት ነው። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች ማለፊያ ውጤት ያገኙት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ያላለፈው ወጣት ቀኑን የት ያሳልፍ? በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ወይም በእኛ ከተማ፣ ገንዘብ ያለው በጌም ቤት እየከፈለ የኳስ ጨዋታ ይጫወታል፤ ስልክ ያለው ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር ይከፍታል፤ ብዙውም በደቡብ አፍሪካ ያለ ዘመዱ ገንዘብ እስኪልክለት ወይም እስኪወስደው ድረስ ይጠብቃል። ይህን ወጣት ማን አሰበለት? ከእኛ መካከል ያሰቡለት መጋቢያችን ብቻ ነበሩ።

አሳቡም ቢሆን በእርሳቸው የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2007 ሄይሎ 3 የተባለው የተኩስ ጨዋታ በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል በመጀመሪያው ቀን ብቻ የ170 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ አስገኘ። ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ እንደማይስማማ ምልክት የተደረገበት ጨዋታ ነበር። ይሁን እንጂ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በሚቀጥለው ወር እንደ ዘገበው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ አገልጋዮችና መጋቢዎች ይህንኑ ጨዋታ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አዘጋጅተው ወጣቶችን ይጠሩበት ነበር። ያን ጊዜ የተነሣው ክርክር የእኛው ክርክር ነው። አንዱ ወገን ወጣቱን ካለበት ቦታ ሄደን በሚወደው ነገር እናምጣው ሲል፣ ሌላው ወገን መግደል በተከለከለበት ቤት የመግደል ጨዋታ እንዴት ይሆናል ይል ነበር።

አንገታችንን የደፋነው ወገኖች በመጀመሪያ የያዝነው መልስ ቀላል ነበር። «በጨዋታ የሚገድል ነገ በእውነት ይገድላል» አልን። ነገር ግን ከመካከላችን በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምንማረው ነገሩን ስንመረምር ይህ መልስ አላዋጣንም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ እነዚህ ጨዋታዎች እንደ መጮህና መገፋፋት ካለ ጠባይ ጋር ጥቂት ግንኙነት እንዳላቸው ገልጾ፣ ለነፍስ ግድያና ለመሳሰለው ከባድ ወንጀል ምክንያት ናቸው ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። እንግዲህ መልካም ለሆነ ዓላማ ብለን ያልተረጋገጠውን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርገን ልንናገር አይገባንም። እውነትን በሐሰት መጠበቅ አይቻልምና።

ደግሞስ የእንጨት ጠመንጃ ጠርቦ ያልተጫወተ፣ በሌባና ፖሊስ ጓደኛውን ያላሰረ ልጅ ማን አለ? በአገራችን ልማድ በገና ጨዋታ ቀን አሽከር የጌታውን እግር በዱላ ቢመታ እንኳ ጌታው አይቆጣም ነበር። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ ለሕፃናት ስናስተምር ወንጭፉን በእጃችን እያዞርን እናሳያለን። ስለዚህ በጨዋታ መዋጋት ሁሉ ኃጢአት ነው ብንል ፍርዱ በራሳችን ላይ ይመለሳል።

ታዲያ ጥያቄው ምንድር ነው? ጥያቄው ጨዋታው ተጫዋቹን ምን ያደርገዋል የሚለው ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጨዋታ ስትጣራ ምን እያለች ነው የሚለውም ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንመልከት። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2002 «አሜሪካስ አርሚ» የተባለ የተኩስ ጨዋታ አሠርቶ በነጻ አደለ፤ ጨዋታው እስከ 2022 ድረስ ቆይቷል። ዓላማው ወጣቶች ውትድርናን እንዲያውቁና እንዲወድዱ፣ ከዚያም እንዲመዘገቡ ነበር። ጦርነትን ከእውነቱ አሳምሮ አሳይቷል ብለው የወቀሱት ብዙዎች ናቸው። ቢሆንም መጥሪያውና የተጠሩበት ነገር አንድ ዓይነት ነበሩ፤ በጨዋታው ጠመንጃ ያሳየ ሠራዊት በሰፈሩም የሚያስይዘው ጠመንጃ ነው። እኛ ግን በጠመንጃ ጠርተን የምናስተዋውቀው ማንን ነው? ሊይዙት በመጡ ጊዜ ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ ያዘዘውን ጌታ ነው! በሁለቱ ሰዓት ያሳየነውን በግማሹ ሰዓት ልናፈርሰው ነውን? ወይስ ወጣቱ ግማሹን ሰዓት ለጨዋታው እንደሚከፈል ዋጋ ቆጥሮ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ታግሦን ይሄዳል?

አሁን ደግሞ በዚያ ቅዳሜ ከሆነው ነገር ያላወራነውን እናንሣ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ጥይቱ ሲንጣጣ፣ እኛም ስንስቅ፣ ከመዘምራን አንዱ ወንድማችን ብድግ ብሎ ወጣ። ውኃ ሊጠጣ የወጣ መሰለን። እንደምታውቁት ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወንድሞቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በድሆች ሰፈር ትንንሽ ሱቆች ውስጥ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2008ና በ2015 በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ሱቆቻቸው ተዘርፈዋል፤ ሁከት በሌለበትም ጊዜ በዘራፊ ጥይት ከሱቃቸው መስኮት ኋላ የወደቁ አሉ። የዚህ ወንድማችን ታላቅ ወንድም ከእነዚያ አንዱ ነበር። ሬሳው በመኪና ሲገባ እኛው ወጥተን ተቀብለናል፤ በለቅሶው ድንኳን ከእርሱ ጋር ተቀምጠናል። ያን ቀን ግን ረሳነው።

በኋላ ስንጠይቀው እንዲህ አለን፦ «ሰዎቹ ሲወድቁ ስትስቁ ሰማኋችሁ። አልፈርድባችሁም። ከወንድሜ በፊት ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ክርክራችን መልኩን ለወጠ። ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ፣ ሥጋው በራሱ ምንም እንዳልሆነ ያምናል፤ ነገር ግን መብላቱ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ መብቱን መተው ይሻለዋል። በዚያ የተነገረለት ወንድም ሕሊናው ደካማ የሆነ፣ እውቀት የጎደለው ነው። የእኛ ወንድም ግን እውቀት አልጎደለውም። ጥይት በአንድ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ከሁላችንም ይልቅ ያውቃል። ለማያውቅ ወንድም መጠንቀቅ ከተገባን፣ ለሚያውቀውማ እንዴት አብልጠን አንጠነቀቅ?

ይህን ለመጋቢያችን በነገርናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ያው ጳውሎስ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሰዎችን ለማዳን ሲል ለሁሉም እንደየሁኔታቸው መሆኑን ጽፎ የለምን ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ከባድ ነበርና በአንድ ሌሊት አልመለስነውም። በኋላ ግን ሁለቱን ምዕራፎች አንድ ላይ ስናነብብ አንድ ነገር ተገለጠልን። ጳውሎስ ለሌሎች ሲል እንደ እነርሱ የሆነው የራሱን መብትና ምቾት እየተወ ነው፤ የወደደውን ነገር እየጨመረ አይደለም። እኛስ? እውነቱን እንናገር ካልን ጨዋታው በመጀመሪያ የእኛው የራሳችን ደስታ ነበር። ወንጌልን ማዳረስ የሚለው ምክንያት የመጣው ከደስታው በኋላ ነው። ይህ ፈተና የመጋቢያችን ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው። የምንወደውን ነገር ስንሻ መንፈሳዊ ምክንያት ፈልገን የማናጣለት ጊዜ የለምና።

እንግዲህ በየቤቱ እየዞርን ስልክ እንፈትሽ አንልም። ከእኛም መካከል ማታ ማታ እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚጫወቱ አሉ፤ ያም በየሕሊናቸውና በጌታ ፊት ያለ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በቤቱ የሚያደርገውና ቤተ ክርስቲያን በስሟ ጠርታ የምታቀርበው አንድ አይደሉም። የተጠራው ወጣት በደጃችን መጀመሪያ የሚያገኘው ነገር እኛ ማን እንደ ሆንን ይነግረዋል።

«እንግዲያስ በምን እንጥራቸው?» ትሉን ይሆናል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሚስዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ በወላይታና በከምባታ ሐዲያ የቀሩት አማኞች ስክሪን ቀርቶ ሰፊ አዳራሽ አልነበራቸውም። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን እጅግ በዝተው አገኙአቸው። ሰውን የሳበው እርስ በርስ መረዳዳታቸውና በመከራ መጽናታቸው ነበር። የእኛ ዘመን ሌላ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ኳስ ሜዳ አለን፤ ገበጣ አለን፤ ፈተናውን ደግመው ለሚፈተኑት ሒሳብና እንግሊዝኛ ልናስጠና የምንችል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አለን። ከሁሉም በላይ ጌም ቤቱ ከግቢያችን በእግር የሚደረስበት ነው። ወጣቶቹ ወደ እኛ እስኪመጡ ሳንጠብቅ እኛ ሄደን ስማቸውን ብንጠይቅ ማን ይከለክለናል?

መጋቢያችን ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «መልካም ነው፣ የማጫወቻው ነገር ይቅር። ታዲያ የፊታችን ቅዳሜ ከእኔ ጋር ወደ ጌም ቤቱ የሚሄድ ማን ነው?» አሉን። ሲከራከር የዋለው ሁሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ እጃችንን ያነሣነው ሦስት ብቻ ነበርን፤ ከሦስቱም አንዱ ያ ወንድሙ የሞተበት ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ጨዋታውን መቃወም ለእኛ ቀላል ሆኖልን ነበር፤ ስለ ወጣቱ መድከም ግን ከብዶናል። መጋቢያችን በመንገዱ ተሳስተው ይሆናል፤ በጭንቀታቸው ግን ከእኛ ይበልጡ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሦስት በላይ እንሆን ዘንድ ጌታ ፍቅርንና ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።