መጣልን ከማስተማር በፊት መውደቅን

በሰፈራችን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። አንድ ቀን የሸሚዙ ኮሌታ ተቀዶ፣ ከንፈሩ አብጦ ከትምህርት ቤት መጣ። አባቱ ነገሩን ሲሰማ፣ ‹‹ከነገ ጀምሮ ካራቴ አስገባዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም እጁን አያነሣበትም!›› ብሎ ፎከረ። አያቱ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ‹‹እስከ ዛሬ የሚደበደብ ልጅ ነበረን፤ ከእንግዲህ ደግሞ የሚደበድብ ልጅ ሊኖረን ነው›› አሉ። እኔም ለቡና ተጠርቼ በመካከላቸው ተቀምጬ ነበርና ፍረድ ተባልሁ። የዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ሁለቱም እውነት ያላቸው መሰለኝ።

ነገሩ ከአንድ ቤት ጭቅጭቅ በላይ ነው። ለመሆኑ ሰውን የሚጥልና የሚጎዳ ጥበብን ለሕፃን ማስተማር፣ ያውም በትምህርት ቤት በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ፣ ተገቢ ነውን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፕላቶ ‹ጎርጊያስ› በተሰኘው ድርሰቱ የንግግር ጥበብ መምህሩን ጎርጊያስን ስለ ቡጢ ያናግረዋል። ሰውየው እንደሚለው፣ አንድ ሰው ቡጢ ተምሮ አባቱን ወይም ወዳጁን ቢመታ ጥፋቱ የተማሪው እንጂ የመምህሩ አይደለም፤ ስለዚህ መምህሩ ከአገር ሊባረር አይገባውም። ይህ ክርክር ለአዋቂ ያስኬድ ይሆናል። አዋቂ የሚማረውን መርጦ፣ ለምን እንደሚማረው አውቆ ይመጣልና። ለሕፃን ግን አያስኬድም። ሕፃን የእጁን ኃይል የሚያውቀው ልቡናው ሳይበስል ነው። እንዲያውም ትምህርቱ ግዴታ ከሆነ አስገድዶ ያስተማረው ሁሉ፣ መምህሩም ትምህርት ቤቱም፣ በኋላ ‹‹እኔ የለሁበትም›› ሊል አይችልም።

ይህን ጥያቄ በአገር ደረጃ አንሥተው ከመረመሩት አንዷ ጃፓን ናት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጂጎሮ ካኖ በ1860 የተወለደ፣ በልጅነቱ በደቃቃነቱ ምክንያት ጓደኞቹ ያጠቁት የነበረ ሰው ነው። ጁጁትሱ የተባለውን የቀድሞ ጦረኞች ትግል የተማረውም በዚሁ የተነሣ ነው። በ1882 በቶኪዮ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ አሥራ ሁለት ምንጣፍ በሚያስነጥፍ ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ጥበቡንም ጁዶ አለው። ካኖ ታጋይ ብቻ አልነበረም፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊ የነበረ የትምህርት ሰው ነው። ሁለት መሪ ሐሳቦች ነበሩት፦ አንደኛው ኃይልን ለበጎ ነገር አብቃቅቶ መጠቀም፣ ሁለተኛው ራስንና ሌላውን አብሮ መጥቀም።

እነዚህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚያምሩ ቃላት ናቸው የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁንና በምንጣፉ ላይ የሚሆነውን እንመልከት። ጁዶ የሚጀምር ልጅ አስቀድሞ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው። አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ክንዱን በምንጣፉ ላይ አሳርፎ፣ ራሱ ሳይነካ መውደቅን ይለማመዳል። ቀጥሎ መጣልን ሲማር ደግሞ የጓደኛውን እጅጌ እንዳይለቅ ይታዘዛል፤ እጅጌው ከተለቀቀ የሚወድቀው ልጅ ይጎዳልና። የጓደኛው አንገትና አከርካሪ በእጁ ላይ ያለ አደራ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተራው ይዞርና የእርሱ አንገት በጓደኛው እጅ አደራ ይሆናል። ልጅን ‹‹ሰውን አትጉዳ›› ብሎ መምከር አንድ ነገር ነው፤ መጉዳት እየቻለ ያልጎዳበትን ቅጽበት በገዛ እጁ እንዲያውቀው ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። መምታት የማይችል ሰው ባለመምታቱ ትዕግሥተኛ አይባልም።

ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለአባትየው እፈርድ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። በ1901 ገደማ ካራቴን በኦኪናዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስገባው ኢቶሱ አንኮ፣ በ1908 በጻፈው ደብዳቤ ትምህርቱ ለልጆቹ የኋላ ውትድርና እንደሚጠቅም አመልክቷል። ጁዶና የሰይፍ ፍልሚያው ኬንዶ በ1911 ወደ ጃፓን መካከለኛ ትምህርት ቤቶች በፈቃድ ገቡ፤ በ1931 ለወንዶች ግዴታ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በነበሩት የጦርነት ዓመታት ያው ስግደት፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ሥነ ሥርዓት ለአጥቂ ጦር ወጣት ማዘጋጃ ሆነ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ድል አድራጊዎቹ ትምህርቱን ከትምህርት ቤት አገዱት፤ ጁዶ የተመለሰው በ1950 ነው። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፣ ታዛዥነትና ምግባር አንድ አለመሆናቸውን ነው። ‹‹ማርሻል አርት ሥርዓት ያስተምራል›› ሲባል፣ ‹‹ለማን የሚታዘዝ ሥርዓት?›› ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ገጽ ከሁሉ ይከብዳል። በ2012 ጃፓን ይህንኑ ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ጀማሪዎች፣ ለወንዱም ለሴቱም፣ ግዴታ አደረገች፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶችም ጁዶን መረጡ። በዚያው ሰሞን አንድ መራራ ቁጥር ለሕዝብ ተገለጠ። ከ1983 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በትምህርት ቤት ጁዶ ከ100 በላይ ተማሪዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ በክበብ ልምምድ ላይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ጀማሪዎች ነበሩ፤ ዋነኛው ምክንያትም የጭንቅላት ጉዳት ነው። አወዳደቅን በቅጡ ሳይማሩ ተወርውረዋል ማለት ነው። በአንጻሩ በፈረንሳይ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ልጆች፣ ጁዶ ይማራሉ፤ ይህን የመሰለ የሞት ዝርዝር ግን አልታየም። በዚያ አገር ጁዶን በደመወዝ የሚያስተምር ሰው የመንግሥት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው። ጥበቡ ያው አንድ ጥበብ ነው፤ የሚለየው የሚያስተምረው ሰው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም ለትግል እንግዶች አይደለንም። እረኛው በመስክ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተያይዞ ሳይሆን ፊት ለፊት ተናንቆ ይታገላል፤ የአንደኛው ጀርባ መሬት ሲነካ ግን ነገሩ አበቃ፤ የወደቀን መምታት ነውር ነው። የከተማው ልጅ በበኩሉ የብሩስ ሊን ፊልም አይቶ ከቪዲዮ ቤት ሲወጣ በየአጥሩ ሥር እግሩን ሲያነሣ አድጓል። ልዩነቱን ልብ ይሏል! መስኩ ማቆምንም ያስተምር ነበር፤ ፊልሙ ግን መምታትን ብቻ አሳየ። ልጆቻችን መማታትን መማራቸው አይቀርም፤ ጥያቄው ማቆምን ማን ያስተምራቸዋል የሚለው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ እምነት መልሱ ‹‹አዎን፣ ነገር ግን›› ነው። ምንጣፍ በሌለበት አቧራማ ሜዳ፣ አወዳደቅን በማያውቅ መምህር፣ ሃምሳና ስድሳ ልጅ አሰልፎ መጣልን ማስተማር ከጨዋታም ከትምህርትም አይቆጠርም፤ በሰው ልጅ አንገት ላይ መፍረድ ነው። አቅሙ እስኪገኝ ድረስ ሩጫና ኳስ ይበቃል። መምህሩም ምንጣፉም ከተገኙ ግን ልጆቹ ቢማሩ መልካም ነው፤ አስቀድመው መውደቅን፣ ቀጥለው የጓደኛቸውን እጅጌ አለመልቀቅን፣ ከሁሉ በኋላ መጣልን።

ወደዚያ ቤት ዳግመኛ ለቡና ስጠራ ይህንኑ ተናገርሁ። አባትየው ‹‹ታዲያ እስኪማር ድረስ ይደብድቡት?›› አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልጁን የሚደበድቡትን ልጆች መገሠጽ የትምህርት ቤቱና የወላጆች ሥራ እንጂ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሥራ አይደለምና። አያቱ ግን ሲኒውን እያቀበሉኝ፣ ‹‹መጀመሪያ መውደቅን ከሆነ የሚያስተምሩት፣ ይሂድ›› አሉ።