የት እንብላ?

መንገድ የወጣ ሰው አንድ ጥያቄ አያጣውም፤ «የት እንብላ?» አገር ቤት ለዚህ የታወቀ መልስ አለን። የከባድ መኪና ሾፌሮች የቆሙበት ቤት ግባ ነው። ሾፌር መንገዱን አብጠርጥሮ ያውቃል፤ በሆዱም አይቀልድም። ደግሞ በሦስተኛው ቀን በዚያው ስለሚመለስ ባለቤቲቱ የከረመ ወጥ ልታቀርብለት አትደፍርም። እዚህ በአሜሪካ ደቡብ ግን ነገሩ ከሾፌር ወደ ስልክ ተዛውሯል። ሰው ሁሉ ኮከብ ቆጣሪ ሆኗል። «ይኼኛው አራት ተኩል አለው፣ ያኛው ሦስት ነው» እየተባለ መኪና ውስጥ ይነበባል፤ ኮከቡን የሰጠው ማን እንደሆነና ምን በልቶ እንደሰጠ የሚጠይቅ የለም።

ሐምሌ ሲደርስ የአትላንታ አበሻ ልጆቹን ጭኖ ወደ ባሕር ይወርዳል። በሞንትጎመሪና በሞቢል አድርጎ ስድስት ሰዓት ያህል ከነዳ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይቀበለዋል፤ በግራ ገልፍ ሾርስ፣ በቀኝ ቢሎክሲ። ስለ አሸዋው ንጣትና ስለ ውሃው ሙቀት ብዙ አልልም። የእኔ ጉዳይ ከውሃ ሲወጣ የሚመጣው ራብ ነው። «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» እንላለን። ልብ በሉ፤ «ጥሩ ሰው» ስንልም የምንጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ታዲያ ምግብ ቤቱን ጥሩ የሚያሰኘው ምላስ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር አለ?

በየዓመቱ አብሮኝ የሚወርድ አንድ ወዳጅ አለኝ። የእሱ መልስ አጭር ነው። «ጣፈጠ? ዋጋው ተመጣጠነ? አለቀ! እኔ የመጣሁት ለዕረፍት ነው፣ ለኦዲት አይደለም።» ይህን የሚለው ሆዳም ስለሆነ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ሲነዳ የሚከርም፣ በዓመት አራት ቀን ብቻ የሚያርፍ ሰው ነው። የደከመ ሰው ላለማሰብ መብት አለው ነው የሚለኝ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ እኔም እንደዋዛ አላልፈውም።

እስቲ ከሽሪምፕ እንጀምር። በዚያ ዳርቻ ሽሪምፕ ያልገባበት ምግብ የለም። በዱቄት ተለውሶ ይጠበሳል፤ ባሚያ ከገባበት ጋምቦ ከሚሉት ሾርባ ጋር ይቀቀላል፤ ግሪትስ በሚሉት ቀጠን ያለ የበቆሎ ገንፎ ላይ ይደፋል። ምግብ ቤቶቹ ግድግዳቸው ላይ አሮጌ መረብ ይሰቅላሉ፣ የጀልባ መሪ ይቸነክራሉ፣ የአያት ዓሣ አጥማጅ ፎቶግራፍ ይለጥፋሉ። እንግዳው መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን እያየ ይበላል። ከዚያ ባሕር የወጣውን እየበላ ይመስለዋል። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ከሚበላው ሽሪምፕ ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሕንድ፣ ከኢኳዶር፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከቬትናም። አብዛኛው በኩሬ የረባ፣ በረዶ ሆኖ በመርከብ የመጣ ነው። መረቡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥራ ስለፈታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ቢሎክሲ ውስጥ ስመ ጥር የሆነ አንድ የባሕር ምግብ ቤት ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። ለዓመታት ከአፍሪካ፣ ከሕንድና ከደቡብ አሜሪካ በረዶ ሆኖ የመጣ ርካሽ ዓሣ «የአካባቢያችን ዓሣ ነው» እያለ ሲሸጥ ኖሯል። ዜናው ሲወጣ ወዳጄ ሳቀ። «አየህ! ይህን ሁሉ ዓመት ጣቱን ሲልስ የኖረ ሰው ምን ቀረበት? ማን ታመመ?»

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። እኛ አገር እንጀራ ውስጥ ጄሶ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተገኘ ሲባል ጩኸታችን ስለ ጤናችን ነበር። እዚህ ግን ሆድ አልተጎዳም፤ ምላስም አልተቀየመም። ሆድ ያልጎዳ ውሸት ማንን ጎዳ?

የጎዳውን ሰው ለማየት ከምግብ ቤቱ ወጥቶ ወደ ጀልባዎቹ መሄድ ያስፈልጋል። ቢሎክሲ ወደብ ላይ ከቆሙት የሽሪምፕ ጀልባዎች ብዙዎቹ የቬትናም ተወላጆች ናቸው። ከ1975 በኋላ አገራቸው ሲፈርስ በስደት መጡ፤ ቋንቋ ሳይችሉ መረብ ያዙ። በ2005 ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ ከተማውን ጠራርጎ ወሰደባቸው። በ2010 የነዳጅ ማውጫው ፈንድቶ አሥራ አንድ ሠራተኛ ሞተ፤ ዘይቱ ባሕሩን አበላሸ፤ ሥራ ቆመ። ያንን ሁሉ ተሻግረው አሁን የሚጥላቸው ነገር ዋጋ ነው። የያዙት ሽሪምፕ ለናፍጣው እንኳ አይተርፍም። ምግብ ቤቱ የእነሱን ስም ለብሶ፣ በእነሱ ስም ዋጋ ጨምሮ፣ የሌላውን ይሸጣል። ስማቸው ይሸጣል፤ ዓሣቸው አይሸጥም።

በውጭው ሽሪምፕ ላይ ቂም የለኝም። የኢኳዶሩም ኩሬ ሠራተኛ እንደማንኛውም ሰው ልጆች አሉት። እኔ ራሴ ከውጭ የገባሁ ነኝ፤ ቢሎክሲ ተወልጄ አደግሁ ብዬ ግን አልሸጥም። አላባማ ከ2024 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ዓሣቸው ከውጭ የመጣ መሆኑን እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ አላት። ሕጉ «አትሽጥ» አይልም፤ «ተናገር» ነው የሚለው። ለእኔም የሚበቃኝ ይኸው ነው።

ምላስ መጥፎ ምስክር ነው የምለው ግን በዓሣ ምክንያት ብቻ አይደለም። ይህ መንገድ ሌላ ታሪክ አለው።

ዛሬ እኛ እየተጨቃጨቅን የምናልፍበት አውራ ጎዳና ላይ «የት እንብላ?» ማለት ለጥቁር ተጓዥ የሞትና የሕይወት ጥያቄ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ቪክተር ግሪን የሚባል የሃርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ «ግሪን ቡክ» በሚል ስም አንድ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። መጽሐፉ ጥቁር ሰው ሳይባረር የሚበላበትን፣ የሚያድርበትንና ነዳጅ የሚቀዳበትን ቤት በየከተማው ይዘረዝራል። ኮከብ አልነበረውም፤ ስሙ መጻፉ ራሱ በቂ ነበር። መጽሐፉን ያላገኘ ከቤቱ ዶሮ ጠብሶ በካርቶን ይዞ ይነዳል። ባሕሩም ቢሆን ለሁሉ አልነበረም። የቢሎክሲ አሸዋ 26 ማይል ያህል በመንግሥት ገንዘብ የተደለደለ ነው፤ ጥቁሮች ግን አይረግጡትም ነበር። ዶክተር ጊልበርት ሜሰን የሚባሉ ሐኪም በ1959 ሰዎች አስከትለው ገቡበት፤ ተባረሩ። በሚያዝያ 1960 ተመልሰው ሲገቡ በሰንሰለትና በብረት ዘንግ ተደበደቡ። ዳርቻው በፍርድ ቤት ለሁሉም የተከፈተው በ1968 ነው። ልጆቼ የአሸዋ ቤት የሚሠሩት እዚያ ላይ ነው።

ስለ ምግብ ቤት ካነሣን ደግሞ በርሚንግሃም የነበረው ኦሊስ ባርቤኪው አይረሳም። ስም ያለው የሥጋ ጥብስ ቤት ነበር። ከ36ቱ ሠራተኞቹ ሁለት ሦስተኛው ጥቁሮች ናቸው፤ ጥቁር ደንበኛ ግን ገዝቶ ይዞ ይሄዳል እንጂ ውስጥ አይቀመጥም። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሲወጣ ባለቤቶቹ «የእኛ ትንሽ የቤተሰብ ቤት ናት፤ የፌዴራል መንግሥትን ምን አገባው?» ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በአንድ ድምፅ ፈረደባቸው። አፈራረዱ ነው የሚገርመኝ። ቤቱ በዓመት ከሚገዛው ምግብ 46 ከመቶው ከሌላ ግዛት የመጣ ሥጋ ነበር። በክልሎች መካከል የሚደረግ ንግድ ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሕጉ እናንተንም ይመለከታል ተባሉ። በአጭሩ ዳኞቹ የጠየቁት «ይህ ሥጋ ከየት መጣ?» ብለው ነው፤ በዚያች ጥያቄም በር ተከፈተ።

ወዳጄ እንደሚለው በምላስ ብቻ ቢፈረድ ኖሮ ኦሊስ ጥሩ ምግብ ቤት ነበር። ሥጋው ለነጩም ለጥቁሩም ያው ነው። ምላስ ማን ተቀመጠ፣ ማን ቆመ አያውቅም። እኛ አበሾች አብዛኞቻችን እዚህ አገር የገባነው ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ነው የደረስነው። «ለአሥራ አንድ ሰው ጠረጴዛ!» ብለን ስንገባ ከጥንት የነበረ መብት ይመስለናል።

ወዳጄ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «በዚህ ዓይን ካየህ አንድም ቦታ አትበላም» አለ። ግማሽ እውነት አለው። ሁሉን የሚመረምር ሰው ተርቦ ያድራል፤ አብረውት የመጡትንም ያስርባል። ደግሞም ምርመራ ወደ ትዕቢት ይቀርባል፤ «እኔ ንጹሑን ብቻ ነው የምበላ» የሚል ሰው ገበታ ላይ ሲቀመጥ ከጎኑ መሆን ይከብዳል። ስለዚህ እኔ ሁሉን ለመመርመር አልነሣም። አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ሲሰጥ ደግሞ ፊቱን አያለሁ።

ሞንትጎመሪ ላይ ስናልፍ የማነሣላቸው ሴት ጆርጂያ ጊልሞር ናቸው። በ1955 የአውቶቡስ አድማው ሲጀመር ከጓደኞቻቸው ጋር ዶሮ እየጠበሱ፣ ኬክ እየጋገሩ እየሸጡ ለአድማው መኪናዎች ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ማኅበራቸውን «ከየትም ያልሆነ ክበብ» አሉት፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል ከየትም እንዲባል። ፍርድ ቤት ቀርበው ስለመሰከሩ ከምግብ ቤት ሥራቸው ተባረሩ። ዶክተር ኪንግ አበረታቷቸው እቤታቸው ማብሰል ጀመሩ፤ ጥቁሩም ነጩም ማዕድ ቤታቸው ተቀምጦ በላ። ኮከብ ቆጣሪው ስልክ በዚያን ጊዜ ቢኖር ያንን ቤት አያገኘውም ነበር።

ሌላው ነገር ገንዘብ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። በአላባማ፣ በሚሲሲፒና በጆርጂያ አሠሪ ለአስተናጋጅ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ መክፈል ይችላል፤ የቀረውን ጉርሻ ይሙላው ይባላል። ቁጥሩ ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ጉርሻው ካልሞላ ጉድለቱን አሠሪው ይክፈል ይላል ሕጉ፤ ለማስከፈል ግን ደፋር ሠራተኛ ይጠይቃል። አሥራ አንድ ሆኖ ገብቶ፣ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ፣ ስድስት ዶላር ጥሎ የሚወጣ ወገኔ «ርካሽና ጥሩ ቤት አገኘሁ» ሲል ዋጋውን ማን እንደከፈለለት ልነግረው እፈልጋለሁ።

ታዲያ የት ይበላል? የሆቴል እንግዳ ተቀባይን አልጠይቅም፤ ጠረጴዛው በማስታወቂያ ወረቀት የተሞላ ነው። በጠዋት ወደብ ወርጄ መረብ የሚጠግነውን እጠይቃለሁ። በበጋው መጀመሪያ ቡናማው፣ በመኸር ነጩ ሽሪምፕ ከጀልባው ላይ ይሸጣል። በረዶ ያለበት ሣጥን የያዘ ሰው ገዝቶ በተከራየው ቤት ምድጃ ላይ በሚጥሚጣ ቢጠብሰው ከማንኛውም ኮከብ ይበልጥበታል። እንደዚያ ያልተቻለ ቀን ግን ምግብ ቤት ገብቼ «ይህ ሽሪምፕ ከየት ነው?» እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቢሎክሲ አንዲት አስተናጋጅ ይህን ስጠይቃት ወደ ማዕድ ቤቱ ዘወር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከውጭ ነው፤ ቀዩም ዓሣ እንደዚያው። ሙሌቱ ግን የእኛው ነው፤ ዛሬ ጠዋት የገባ» አለችኝ። ሙሌት እዚያ የድሃ ዓሣ ነው፤ «የቢሎክሲ ቤከን» ብለው ይቀልዱበታል። አማቴ አብረውን ነበሩ። እሳቸው ሽሪምፕ የሚባል ነገር በዓይናቸውም አያዩ፤ ኦሪቱ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብላ ብሏልና። ሦስት ቀን ሙሉ ድንችና ሰላጣ ሲበሉ ከርመው ነበር። «ቅርፊት አለው?» አሉኝ። ጠየቅሁላቸው። አለው።

እሳቸው ሙሌቱን አዘዙ፤ እኔም። ወዳጄ ከውጭ የመጣውን ሽሪምፕ አዘዘ፤ ሁለት ሰሐን። ምግቡ ሲቀርብ አማቴ አማትበው ዓሣውን በእጃቸው ፈለጡት፤ አጥንቱን ለቅመው፣ ሎሚ ጨምቀው የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ ወዳጄ አፍ ዘረጉ። እምቢ ማለት አይቻልም። ጎረሰ፤ አላመጠ፤ አማቴን አመሰገነ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ሽሪምፑ ይሻላል» አለ።