ስምን መልአክ ያወጣዋል

ይህን የአበው ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ክርክር ተቀብዬው ስኖር፣ ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን የእኅቴ ልጅ ከዋሽንግተን ደውሎ፣ እኔም እንደ ልማዴ «ዶክተር፣ እንደምን ከረምህ» ብዬ ብቀበለው፣ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ እባክዎ በስሜ ይጥሩኝ» አለኝ፤ ስሙም ፈጥኖ ከአፌ አልወጣ አለ።

ገና በሰባት ዓመቱ ዳዊት ሲደግም የሰማ ጎረቤት ሁሉ፣ ከሁሉም አስቀድሜ እኔ፣ «ይኸስ ዶክተር ነው» አልን፤ እናቱ ያወጣችለትም፣ በአርባ ቀኑ ካህኑ የሰየመውም ስም ተረሳ። ልጁም አላሳፈረንም፤ ሕክምና ተምሮ ነጩን ጋውን ለበሰ። ባሕር ተሻግሮ ከሄደ ወዲህ ግን፣ አሜሪካ በውጭ አገር የተማረውን ሐኪም የራሷን የፈቃድ ፈተና ካላለፈና በሆስፒታል እንደ ጀማሪ ለዓመታት ዳግመኛ ካልሠለጠነ አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛ አታስነካውምና፣ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ወድቆ፣ ዛሬ በመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ሲቀበል ያድራል። በእንጀራው አላፈረም፤ የሚያቆስለው በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ «ዶክተር» እያለ የሚጠራው ወገኑ ነው፤ የሞተ ሰው ስም የተሸከመ ይመስለዋል።

ምሳሌው ግብር ስምን ይከተላል ይለናል፤ መልካም፤ ነገር ግን ግብሩ ከስሙ በተለየ ዕለት ሰውዬው ምን ሆኖ ይቀራል? ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ትዝ ይሉኛል፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ወደ ህንድ ተወስደው፣ በሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተብለው፣ በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በበርማ አገልግለው፣ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ አያታቸው የልጅ ልጃቸውን የለዩት በስሙም በሙያውም ሳይሆን በገላው ላይ በቀረው የልጅነት ጠባሳ ነበር። ያ ጠባሳ ሐኪም ባይሆኑ ኖሮም ከገላቸው ባልጠፋ ነበር።

እንግዲህ ጠቤ ከመልአኩ ጋር አይደለም፤ እኛ የራሳችንን ምኞት በሕፃን ግንባር ላይ ጽፈን መልአኩ ጻፈው ማለታችን ነው የሚያሳዝነኝ። ካህኑ በቁርባንም በፍትሐትም ምእመኑን የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ የትምህርት ማዕርግ በዚያ አይነሣም።

በሳምንቱ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ እኅቴን ጠይቄ ደወልሁለትና በዚያ በአርባ ቀኑ ስም ጠራሁት። «አቤት» አለኝ፤ ልጅ ሳለ ከጓሮ ስጠራው ይመልስልኝ በነበረው ድምፅ።